የትንሽ ኮሌጅ ቅርጫት ኳስ አሰልጣኝነት እንጀራ ይሆናል ወይ? ለአንዲት እናት ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «ልጄ ሜሪላንድ ውስጥ ባለ አንድ ትንሽ የዲቪዥን 3 ኮሌጅ አራት ዓመት ቅርጫት ኳስ ተጫውቶ በሜይ በቢዝነስ ይመረቃል። ሥራ ይዞ ያርፋል ስል የኮሌጅ አሰልጣኝ ነው የምሆነው አለኝ። አባቱ ተምሮ ተምሮ ኳስ ሊያንከባልል ነው ብሎ አኩርፏል። እኔ ከመከልከሌ በፊት ማወቅ የምፈልገው፣ ይህ ሥራ ቤተሰብ ያስተዳድራል ወይ? ከምን ተጀምሮ ነው ዋና አሰልጣኝ የሚኮነው?»

ያስተዳድራል፤ ግን ዘግይቶ ነው። የመጀመሪያዎቹ ስድስትና ሰባት ዓመታት ገቢው ለብቻ የቤት ኪራይ እንኳ የማይበቃበት ጊዜ ነው። ከገንዘቡ በፊት ግን አንድ ነገር ቢያውቁ ጥሩ ነው፦ ልጅዎ የሚያልመው ሥራና ኮሌጁ ደመወዝ የሚከፍልበት ሥራ አንድ አይደሉም። ልጁ የሚያየው ታይምአውት ጠርቶ ሰሌዳ ላይ ሲስል፣ በመጨረሻው ደቂቃ ጨዋታ ሲገለብጥ ነው። ኮሌጁ የሚከፍለው ግን በየዓመቱ ሰባት ስምንት ከፋይ ተማሪ አምጥቶ አራት ዓመት አቆይቶ ለሚያስመርቅ ሰው ነው። ይህን ሁለተኛውን ሥራ የማይወድ ሰው የቅርጫት ኳስ ሊቅ ቢሆንም አይበረክትም።

«ትንሽ ኮሌጅ» ሲባልም ብዙ ዓይነት አለው። ትልቁ የኮሌጅ ስፖርት ማኅበር ኤንሲኤኤ ኮሌጆችን በሦስት ዲቪዥን ይከፍላል፤ በቴሌቪዥን የምናየው ዲቪዥን 1 ነው፤ እሱን ለጊዜው እንተወው። ዲቪዥን 2 በወንዶች ቅርጫት ኳስ የ10 ሙሉ ስኮላርሺፕ ያህል ገንዘብ ለተጫዋቾቹ ከፋፍሎ መስጠት ይችላል። ኤንኤአይኤ የሚባለው የትናንሽ ኮሌጆች ማኅበር 8 ይፈቅዳል። የሁለት ዓመት ኮሌጆች ኤንጄሲኤኤ በሚባል ሌላ ማኅበር ሥር ናቸው፤ እንደየደረጃቸው ሙሉ ስኮላርሺፕ የሚሰጡም ምንም የማይሰጡም አሉ። ልጅዎ የተጫወተበት ዲቪዥን 3 ከ400 በላይ ኮሌጆች ያሉት ትልቁ ክፍል ሲሆን ለስፖርት ችሎታ ተብሎ አንድ ዶላር መስጠት የተከለከለ ነው። ለዋና አሰልጣኝነት ብዙው ክፍት ቦታ የሚገኘውም እዚሁ ነው። ሐበሻ በሚበዛበት በዋሽንግተን አካባቢ ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ፣ ጋሎዴትና አርሊንግተን ያለው ሜሪማውንት፣ በሚኒሶታ ደግሞ ኦግስበርግና ማካሌስተር ዲቪዥን 3 ናቸው።

የስፖርት ስኮላርሺፕ ከሌለ አሰልጣኙ ምን ይዞ ይመለምላል? ኮሌጁ ለማንኛውም ተማሪ በሚሰጠው የውጤትና የችግር ድጋፍ ላይ ተመርኩዞ ነው። ይህን ደግሞ አሰልጣኙ ሊነካው አይችልም። ኮሌጁ ለተጫዋቾች የሰጠው ድጋፍ ለሌላው ተማሪ ከሰጠው እንዳይበልጥ በየዓመቱ ለኤንሲኤኤ ሪፖርት ያቀርባል። ስለዚህ አሰልጣኙ የፋይናንሻል ኤይድ ደብዳቤን እንደ ሒሳብ ሠራተኛ ማንበብ መቻል አለበት።

አንድ ደብዳቤ አብረን እንይ፤ የኮሌጁን ዋጋ ለምሳሌ ያህል ያስቀመጥኩት ነው። የዓመት ወጪ ከመኝታና ምግብ ጋር 52,000 ዶላር። የኮሌጁ የውጤት ስኮላርሺፕ 24,000። የፌዴራል ፔል ግራንት፣ ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ቤተሰብ፣ 7,395፤ ይህ በ2024–25 እና በ2025–26 የተፈቀደው ከፍተኛ መጠን ነው። የፌዴራል ብድር 5,500፤ ለአንደኛ ዓመት ተማሪ ጣሪያው ይህ ነው። ወርክ ስተዲ 2,500። ደብዳቤው ከታች ደምሮ «ጠቅላላ ድጋፍ 39,395» ይላል፤ አባትየውም ቀሪው 12,605 ነው ብሎ ደስ ይለዋል። ብድሩ ግን ዕዳ ነው፤ ወርክ ስተዲውም ልጁ በየሁለት ሳምንቱ ሠርቶ የሚቀበለው እንጂ ከክፍያው የሚቀነስ አይደለም። ስጦታው 31,395 ብቻ ነው። ልጁ ብድሩን ቢወስድ እንኳ ቤተሰቡ በኦገስትና በጃንዋሪ የሚከፍለው 15,105 ነው። ይህን በማርች የማያስረዳ አሰልጣኝ በኦገስት ተጫዋቹን ያጣል፤ ያኔ ደግሞ የሚተካው የለም። ገቢያቸው በቅርቡ የቀነሰ፣ ሥራ ያጡ ወይም የሕክምና ወጪ የገጠማቸው ወላጆች በጽሑፍ ድጋሚ እንዲታይላቸው መጠየቅ ይችላሉ። አሰልጣኙ ይህን መንገድ ያሳያል፤ ጉዳዩን ይዞ ቢሮ መግባት ግን አይፈቀድለትም። በ2024 ፋፍሳ (የፌዴራል የትምህርት ድጋፍ ማመልከቻ ቅጽ) ተበላሽቶ ደብዳቤው ለብዙ ቤተሰብ እስከ ኤፕሪል ሳይደርስ ሲቀር ከሁሉ የተጎዱት እነዚህ አሰልጣኞች ነበሩ።

በኮሌጁ በኩል ያለው ሒሳብ ደግሞ ሌላ ነው። የተለጠፈው የትምህርት ክፍያ 42,000 ቢሆንና ቅናሹ በአማካይ 25,000 ቢደርስ ከአንድ ተማሪ ወደ ካዝና የሚገባው 17,000 ነው። 24 ተጫዋች ያለው ቡድን በዓመት 408,000 ዶላር አስገባ ማለት ነው። የአሰልጣኙ ደመወዝ፣ አውቶቡሱ፣ ሆቴሉ፣ ዳኛው፣ ኳሱ ከዚሁ ይወጣል። የአድሚሽን ዲኑ የአሰልጣኙን የምልመላ ቁጥር በየሳምንቱ የሚጠይቀው ለዚህ ነው።

ምልመላው 300 ወይም 400 ስም ባለበት ዝርዝር ይጀምራል። በጁላይ ከአንዱ ጂም ወደ ሌላው እየተዞረ ኤኤዩ የሚባለው ከትምህርት ቤት ውጭ ያሉ የወጣት ክለቦች ውድድር ይታያል፤ ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ የራስ ጨዋታ በሌለበት ምሽት የሃይስኩል ጨዋታ ይታያል። ከዚያ መቶ የሚሆኑት መልስ ይሰጣሉ፣ ሠላሳ ገደማ ግቢውን ይጎበኛሉ፣ አሥር እሺ ይላሉ፣ ሻንጣ ይዘው የሚመጡት ሰባት ናቸው። ቁጥሩ ከኮሌጅ ኮሌጅ ቢለያይም አወራረዱ ይኸው ነው። በዲቪዥን 3 ልጁን የሚያስር የፊርማ ውል የለም፤ እስከ ሜይ 1 ተቀማጭ ከፍሎም ቢሆን ሌላ ቦታ ሊገኝ ይችላል። ጀማሪ አሰልጣኝ የሚስተው እዚህ ላይ ነው፦ ዲቪዥን 1 ወይም 2 ሊሄዱ የሚችሉ አምስት ልጆችን እስከ ኤፕሪል ሲያሳድድ ከርሞ፣ ኮሌጁን ከልባቸው የፈለጉት ሃያ ልጆች በጃንዋሪ ሌላ ቦታ ወስነው ይገኛሉ።

ከማምጣት ይልቅ ማቆየት ይከብዳል። ከ24 ተጫዋቾች በቋሚነት የሚጫወቱት ዘጠኝ ወይም አሥር ናቸው። ቀሪዎቹ ብዙ ሺህ ዶላር ከፍለው ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፤ ከመጀመሪያው ዓመት በኋላም ይሄዳሉ። በዓመት 12 አምጥቶ 7 የሚያጣ ያተረፈው 5 ነው፤ 7 አምጥቶ 6 የሚያቆይ ይበልጠዋል፤ አራተኛ ዓመት ላይ የበሰለ ቡድንም ይኖረዋል። መፍትሔው በምልመላ ጊዜ የጨዋታ ደቂቃ ቃል አለመግባት፣ ለማይሰለፉት ስምንት አሥር የሁለተኛ ቡድን ጨዋታ ማዘጋጀት፣ በኦክቶበር መጨረሻ ደግሞ እያንዳንዱን ልጅ ለብቻ ጠርቶ በአሁኑ ሰዓት ስንተኛ እንደሆነና ምን ቢያሻሽል ከፍ እንደሚል መንገር ነው። ይህ ውይይት ደስ አይልም፤ የሚሸሹትም ብዙዎች ናቸው።

አዮዋ ያለው ግሪኔል ኮሌጅ ለዚህ ችግር ያገኘው መልስ ለየት ያለ ነው። ዴቪድ አርሰኖ በ1989 ቡድኑን ሲረከብ ለረጅም ዓመታት ሲሸነፍ የኖረ ቡድን ነበር። እሱ አምስቱንም ተጫዋቾች በአንዴ በየደቂቃው ገደማ እየቀየረ፣ ሙሉ ሜዳ እየተጫነና ሦስት ነጥብ እያዘነበ የሚጫወት ዘዴ አመጣ። ከዚህ ቡድን ጃክ ቴይለር ኖቬምበር 20 ቀን 2012 በአንድ ጨዋታ 138 ነጥብ ሲያስቆጥር ዓለም ጉድ አለ። እኔን የሚገርመኝ ግን ነጥቡ አይደለም፤ በዘዴው አሥራ አምስት ሰው በየጨዋታው ሜዳ መግባቱ ነው። ወንበር ላይ የሚማረር አይኖርም፣ ለሚመለመለው ልጅም የሚነገረው ነገር እውነት ነው። በሌላው ጫፍ ያለው ቦ ራያን ነው። በዊስኮንሲን ፕላትቪል ከ1984 እስከ 1999 አሠልጥኖ በ1991፣ 1995፣ 1998 እና 1999 አራት የዲቪዥን 3 ዋንጫ ወሰደ። በረጃጅም ተጫዋቾች ላይ አልተደገፈም፤ አምስቱም ከውጭ መጫወትንም ጀርባ ሰጥቶ ቅርጫት ሥር መጫወትንም የሚማሩበት «ስዊንግ» የተባለ ማጥቂያ ዘረጋ። ሁለት ሜትር ከአሥር የሆነ ልጅ ዲቪዥን 3 አይመጣም፤ ቢመጣም ቀድመው ይወስዱታል። የትንሽ ኮሌጅ ታክቲክ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ወቅቱ በኦክቶበር አጋማሽ ገደማ በልምምድ ይከፈታል፤ ጨዋታ በኖቬምበር ይጀምራል፤ መደበኛው 25 ጨዋታ ነው። ከ14 እስከ 18 የሚሆነው የኮንፈረንስ (ኮሌጁ ያለበት ሊግ) ጨዋታ ስለሆነ ቀኑ የተወሰነ ነው፤ ቀሪውን አሰልጣኙ ራሱ እየደወለ ይሞላል። ደካማ ቡድን ብቻ መርጦ ድል መቁጠር አያዋጣም። ከ2024–25 ጀምሮ የኮንፈረንስ ዋንጫ ሳይወስዱ ወደ ብሔራዊው ውድድር የሚገቡት ኤንፒአይ በሚባል ስሌት ሲሆን ስሌቱ የተጋጣሚን ጥንካሬም ይቆጥራል።

የአንድ ሐሙስ ልምምድ፣ ቅዳሜ ጨዋታ ካለ፣ ይህን ይመስላል። ፊልም አሥር ደቂቃ፤ ረዳቱ የተጋጣሚውን የመጨረሻ አራት ጨዋታዎች ሀድልና ሲነርጂ በሚባሉ የጨዋታ ቪዲዮ ፕሮግራሞች ከታትፎ 12 ወይም 15 ቁራጭ ያወጣል፤ ከዚያ በላይ የሚያስታውስ ተጫዋች የለም። ማሟሟቅና ኳስ ማቀበል አሥር። አራት ለአራት የመከላከል ልምምድ አሥራ ሁለት። ከመልሶ ማጥቃት ወደ ኋላ ሮጦ መከላከል አሥር። ሁለተኛው ቡድን የተጋጣሚውን አምስት ዋና ዋና አጨዋወቶች መጀመሪያ በእርምጃ ከዚያ በሙሉ ፍጥነት ሲያሳይ ሃያ። እየተቆጠረ ሹት መምታት አሥራ አምስት። መጨረሻ ላይ ልዩ ሁኔታ አሥር፦ ስምንት ሰከንድ ቀርቷል፣ በሁለት እየተመራን ነው፣ ኳሱ ከጎን ይገባል። በመሃል በመሃሉ የቅጣት ምት፣ ትንፋሽ ባጠረበት ሰዓት። ሁሉም ተደምሮ አንድ ሰዓት ተኩል የማይሞላ ነው። በጃንዋሪ መጨረሻ ወደ ሰባ ደቂቃ ይወርዳል። ብዙ ኮንፈረንሶች አርብና ቅዳሜን አከታትለው ስለሚያጫውቱ፣ በሽንፈት ተናዶ ልምምዱን ሁለት ሰዓት ተኩል የሚያደርግ አሰልጣኝ ፌብሩዋሪ ላይ እግር የሌለው ቡድን ይዞ ይገኛል፤ ሹቱ አጥሮ የቅርጫቱን የፊት ጠርዝ መምታት ከጀመረ ድካም ነው፣ የቴክኒክ ችግር አይደለም።

በዚህ ላይ የትንሽ ኮሌጅ አሰልጣኝ ሁለተኛ ሥራ አለው። የጎልፍ ቡድን አሰልጣኝ፣ የጂሙ ኃላፊ፣ ምክትል አትሌቲክ ዳይሬክተር፣ የጤናና ስፖርት መምህር ሊሆን ይችላል። ማስታወቂያው ላይ «ሌሎች የሚሰጡትን ሥራዎች» የሚለው አረፍተ ነገር ይህን ማለት ነው።

ወደ መንገዱ ልምጣ። ከምረቃ በኋላ የተሻለው በር ግራጁዌት አሲስታንት መሆን ነው፦ ሁለት ዓመት በረዳትነት ሲሠራ ማስተርሱን ኮሌጁ ይከፍልለታል፣ ትንሽ የኪስ ገንዘብም ያገኛል። የዋና አሰልጣኝ ማስታወቂያ አብዛኛውን ጊዜ «ማስተርስ ይመረጣል» ስለሚል ሁለት ወፍ በአንድ ድንጋይ ነው። በእነዚህ ዓመታት የሚሠራው ፊልም መቁረጥ፣ የምልመላውን ዝርዝር መያዝ፣ ማልያ ማጠብ፣ ቫን መንዳት ነው። ቀጥሎ ሙሉ ጊዜ ረዳትነት ይመጣል፤ በዲቪዥን 3 ብዙ ቡድን ያለው ሙሉ ጊዜ ረዳት አንድ ብቻ ስለሆነ ለዚህ ከስቴት ስቴት መዛወር የግድ ነው። ነገር ከተቃና በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ዋና አሰልጣኝ ይሆናል።

ደመወዙን በወሬ አይገምቱ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ደመወዝ ይፋ ነው፤ ፕላትቪል ያለበት የዊስኮንሲን ኮንፈረንስ ሁሉም የስቴት ዩኒቨርሲቲዎችና ዲቪዥን 3 ስለሆኑ ልጅዎ የእነሱን አሰልጣኞች ክፍያ ፈልጎ ያሳይዎት። ከደመወዙ ጎን የሚረሳ ጥቅም አለ፦ ብዙ የግል ኮሌጆች የሠራተኛን ልጅ በነፃ ወይም በትንሽ ክፍያ ያስተምራሉ፤ ቱዪሽን ኤክስቼንጅ በሚባለው ስምምነት የገቡት ደግሞ ልጁ ሌላ አባል ኮሌጅ እንዲማር ዕድል ይሰጣሉ። ሦስት ልጅ ላለው ሰው ይህ ከደመወዝ ጭማሪ ይበልጣል። ውሉ ግን አብዛኛውን ጊዜ በየዓመቱ የሚታደስ ነው። የዘጠኝ ወር፣ የአሥር ወር ወይስ የአሥራ ሁለት ወር እንደሆነ፣ በበጋ ኢንሹራንሱ ይቀጥል እንደሆነ አስቀድሞ ይጠየቃል።

ለዋና አሰልጣኝነት የሚደረገው ቃለ መጠይቅ ሙሉ ቀን ነው። ከአትሌቲክ ዳይሬክተሩ ሌላ የአድሚሽን ኃላፊ፣ አንድ ፕሮፌሰርና ተጫዋቾቹ ራሳቸው ይጠይቃሉ። ስለ ዞን ዲፌንስ የሚጠይቀው ተጫዋቹ ብቻ ነው። ሌሎቹ የሚጠይቁት፦ ከየትኛው ከተማ ትመለምላለህ? ካለፉት ልጆችህ ስንቱ ተመረቀ? አውቶቡሱ ከበጀት ቢያልፍ ምን ትቀንሳለህ? ሦስት ገጽ የምልመላ ዕቅድ ይዞ የገባ፣ የሃይስኩሎቹን ስምና የአሰልጣኞቹን ግንኙነት ያስቀመጠ፣ አሥር ዓመት ልምድ ያለውን ሰው ሲበልጥ ይታያል።

ልጁም ኮሌጁን መጠየቅ አለበት፤ ለእኔ ከታክቲክ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። በመልካም ኮሌጅ መካከለኛ አሰልጣኝ ያሸንፋል፤ እየሞተ ባለ ኮሌጅ ጎበዙም ይሰምጣል። ካብሪኒ ዩኒቨርሲቲ በ2012 የዲቪዥን 3 ብሔራዊ ፍጻሜ ደርሶ ነበር፤ በ2024 ተዘጋ። በርሚንግሃም ሳውዘርን በዚያው ዓመት ሜይ 31 በሩን ሲዘጋ የቤዝቦል ቡድኑ ብሔራዊው ውድድር ላይ ነበር። ስለዚህ የአምስት ዓመት የአንደኛ ዓመት ተማሪ ቁጥር፣ የግል ኮሌጅ ከሆነ 990 የሚባለው ይፋ የግብር ቅጽ፣ የእውቅና ሰጪው ማስጠንቀቂያ መኖር አለመኖሩ ይታይ። ያለፉት ሦስት አሰልጣኞች በሁለት በሁለት ዓመት ለቀው ከሆነም ጥፋቱ የሰዎቹ አይደለም።

ወደ ላይ መውጣትስ? ልጅዎ «ፖፖቪችም ከዲቪዥን 3 ነው የተነሳው» ይልዎት ይሆናል፤ በኤንቢኤ ሳን አንቶኒዮ ስፐርስን ለረጅም ዓመታት ያሠለጠነውን ማለቱ ነው፤ እውነት ነው። ግሬግ ፖፖቪች በ1979 ፖሞና ፒትዘር ሲገባ የመጀመሪያው ዓመቱ 2 ድልና 22 ሽንፈት ነበር፤ ቤተሰቡን ይዞ የተማሪ መኝታ ሕንፃ ውስጥ ኖሯል። ወደ ኤንቢኤ የወሰደው ግን ድሉ አይደለም፤ ፈቃድ ወስዶ ታዋቂው አሰልጣኝ ላሪ ብራውን ዘንድ ሲማር ያፈራው ግንኙነት ነው። ቦ ራያን ከፕላትቪል ለመውጣት አሥራ አምስት ዓመት ፈጅቶበታል። በዲቪዥን 3 ተጫውተው ዲቪዥን 1 የገነኑት ብራድ ስቲቨንስና ሻካ ስማርት ደግሞ የዲቪዥን 3 ዋና አሰልጣኝ ሆነው አያውቁም፤ ስቲቨንስ ኢላይ ሊሊ በሚባለው የመድኃኒት ኩባንያ ውስጥ ያለውን ሥራ ትቶ በትለር ዩኒቨርሲቲ በበጎ ፈቃደኝነት ነው የገባው። መንገዱ ሁለት ነው፤ አንዱ ከላይ ካለ ቡድን ሥር ዝቅ ብሎ ገብቶ መጠበቅ፣ ሌላው በትንሽ ኮሌጅ ቤት መሥራት። ዴቪድ ሂክሰን በአምኸርስት ከ1977 ጀምሮ ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ 826 ጊዜ አሸንፎ፣ በ2007ና በ2013 ዋንጫ ወስዶ፣ በ2023 የኔስሚዝ የቅርጫት ኳስ የክብር መዝገብ ገብቷል። ሁለቱን መንገዶች ማምታታት ነው ብዙ ወጣት በ35 ዓመቱ ባዶ እጁን እንዲቀር የሚያደርገው።

አሁን ደግሞ የተጫዋች ዝውውር ስለተከፈተ ጥሩ ዓመት ያሳለፈ የዲቪዥን 3 ልጅ ወደ ላይ ይወሰዳል። ደንከን ሮቢንሰን ከዲቪዥን 3ው ዊልያምስ ወደ ዲቪዥን 1ዱ ሚሺጋን ሲሄድ ብርቅ ነበር፤ ዛሬ የተለመደ ነው። በሌላ በኩል የላይኞቹ ቡድኖች ልምድ ያለው ተጫዋች ስለሚመርጡ ቀድሞ ዲቪዥን 2 ይገባ የነበረ የሃይስኩል ልጅ ለዲቪዥን 3 ይተርፋል።

በዚህ ሳምንት የሚሠራው ይህ ነው። የአሰልጣኞች መቀያየር ከማርች እስከ ሜይ ስለሆነ ልጅዎ ምረቃውን መጠበቅ የለበትም። መጀመሪያ ያሠለጠነውን ሰው ያናግር፤ የግራጁዌት አሲስታንት ቦታ ማስታወቂያ ሳይወጣ በስልክ ያልቃል። ኤንሲኤኤ ማርኬትና ሁፕዲርት የሚባሉትን የሥራ ገጾች በየቀኑ ይይ። ከማመልከቻው ጋር ራሱ የከታተፈውን የአንድ ቡድን ትንተና፣ አራት ደቂቃ ቪዲዮና አንድ ገጽ ጽሑፍ፣ ይላክ። ቦታ ሲያገኝ የትምህርት ክፍያው በሙሉ ይሸፈን እንደሆነ፣ «ፊ» የሚባሉትንም ጨምሮ፣ በጽሑፍ ይቀበል። እርስዎና አባቱ ልትረዱት የምትችሉትም አለ፦ እስከ 26 ዓመቱ በእናንተ የጤና ኢንሹራንስ ላይ መቆየት ይችላል፤ ማስተርሱን ቢያንስ በግማሽ ጊዜ እስከተማረ ድረስም የፌዴራል ብድሩን መክፈል አይጀምርም።